የእህቴ ባል ያስጨመረው ባሌስትራ

የእህቴ ባል የመኪና ደላላ ነው። ቀኑን ሙሉ አትላስ አካባቢ ካፌ በረንዳ ላይ ተጎልቶ ስለ ሞተር ያወራል። ጫማውን ጭቃ ነክቶት አያውቅም። የታላቅ እህቴ ባል ስለሆነ ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን ለአንተም አይበቃም።

እኔ ከሳሊተ ምሕረት የከብት መኖ እየጫንኩ ከቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ላሉ ወተት አርቢዎች አደርሳለሁ። ባለ ሁለት ጋቢናዋ ፒክአፔ ጭነት ሲኖራት ጨዋ ናት። ባዶዋን ስትመለስ ግን ኋላዋ ይቀላል፤ ኮረኮንቹ ላይ ወዲያና ወዲህ ይወራጫል፣ ሲዘንብ ደግሞ የኋላ ጎማዎቿ ጭቃው ውስጥ ባሉበት ይሽከረከራሉ።

ይህንን አንድ እሑድ እህቴ ቤት ምሳ ላይ ማንሳቴ ነው ጣጣ ያመጣው።

«ባሌስትራው ደክሟል» አለ የጎረሰውን ሳይውጥ፤ ከኋላ ጭነቱን የሚሸከሙትን ተደራራቢ ብረቶች ማለቱ ነው። «አንድ ብረት ይጨመርበት። ጎማውም በደንብ ይነፋ። መኪና ጠንከር ሲል ነው መሬት የሚይዘው።»

«ጋሼ፣ ባዶዋን ስትሆን እኮ ነው የምትዘለው። ያለ ጭነት ኋላዋ ድሮም ደረቅ ነው፤ ብረት ሲጨመርበት ይብስባታል።»

«አንቺ መሪሽን ያዢ፤ የብረቱን ነገር ለእኔ ተዪው።»

እህቴ ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ነካ አደረገችኝ። ሰው ፊት እምቢ ከተባለ እንደሚያኮርፍ፣ ኩርፊያውም እሷ ላይ እንደሚያልቅ አውቃለሁ። ለእሷ ስል ቁልፉን ሰጠሁት።

መኪናዬ ስትመለስ ኋላዋ ሽቅብ ተሰቅሏል፤ ጎማዎቿ ድንጋይ ሆነዋል። አራብሳን አልፌ አስፋልቱ ሲያልቅ እንደ በቅሎ ትራገጥ ጀመር። ድምፁን መስማት ቢያስጠላኝም ደወልኩለት።

«አልለመድሻትም። ቅዳሜ መጥቼ አሳይሻለሁ» አለ።

ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። እህቴንም ይዟት ነበር፤ ችሎታውን የሚያይለት ሰው ሳይፈልግ አልቀረም። እሱ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከጎኑ፣ እህቴ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ጭነት አልነበረንም፤ ጠዋት ደግሞ ዘንቦ ነበር። የአንዲት ደንበኛዬ በረት አጠገብ ያለው ኩርባ ላይ ነዳጅ ረገጠ። የመኪናዋ ኋላ አፈትልኮ ሄደ፤ ዞረችና በጎኗ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች። ማናችንም አልተጎዳንም። እሱ ደጋግሞ ሲረግጥ ጎማው ጭቃ እየረጨ ይበልጥ ሰመጠ። በመጨረሻ ወርዶ ጫማውን አየ።

«ይሄን መንገድ ብሎ የሚጠራ ሰው ነው የሚገርመኝ» አለ።

ደንበኛዬ ከወሎ የመጡ ትልቅ ሴት ናቸው። ከበረቱ ወጥተው «አላህ አተረፋችሁ» አሉንና ወደ እሱ ዞሩ። «እሷ እኮ በየቀኑ ታልፍበታለች፣ ልጄ።» ክፋት አልነበረባቸውም። እሱ ግን ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ እንደሚፈልግ ሰው ወደ ሰማይ ያነሳው ጀመር።

ከኋላ ጎማዎቹ ነፋስ ቀነስኩ። ሴትየዋ በጆንያ የሞሉት ደረቅ ፍግ ነበራቸው፤ ከእህቴ ጋር እየተጋገዝን ጭነን ልክ ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ደረደርነው። ከዚያ በሁለተኛ ማርሽ ነዳጁን ቀስ እያደረግኩ ስሰጣት ጎማው መሬት ቆነጠጠና ወጣች። እሱ ይህን ሁሉ ጊዜ ዳር ቆሞ «ቀኝ፣ ቀኝ» ይል ነበር። በቀኝ በኩል ያለው ግን አጥር ነው።

ሰኞ ያስጨመረውን ብረት አስወለቅኩ፤ ያረጀውን የኋላ ሾክም አስቀየርኩ። አሁን ባዶ ስመለስ አሸዋ የተሞሉ ጆንያዎች እንዳይንሸራተቱ አስሬ እጭናለሁ። ኮረኮንቹ ላይ የጎማውን ነፋስ ትንሽ እቀንሳለሁ፤ አስፋልቱ ጋ ስደርስ ጎሚስታው ይሞላልኛል። መኪናዋ አደብ ገዛች።

እሱ አልገዛም። በበዓል እንግዶቹ መካከል ተቀምጦ «የአሸዋውን ዘዴ እኔ ነኝ ያሳየኋት» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ውሸታም ብዬ ብጠራው እንደ ማክበር ይሆንብኛል ብዬ ብርጭቆዎቹን ሰብስቤ ወደ ኩሽና ሄድኩ።

እህቴ ግን ሳህን ይዛ ኩሽና ተከተለችኝና «መንዳት ታስተምሪኛለሽ?» አለችኝ። አሁን እሑድ እሑድ ገላጣ ሜዳ ላይ እንውላለን። ባሏ «ፍሪሲዮን ታቃጥያለሽ» ይላታል፤ እሷ ጫማዋን አጥልቃ ትወጣለች። ሞተሩን ብዙ ጊዜ ታጠፋብኛለች። ባለፈው ግን ጭቃ ገጥሟት ሳትደናገጥ ነዳጁን ቀነስ አድርጋ አለፈች፤ ዳር ቆሞ «ቀኝ፣ ቀኝ» የሚላት አልነበረም።