ዘውገ ወደ ካራማራ ሊሄድ ነው

ምን አለሽ ተራ ውስጥ ዘውገን የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የመጣ መሆን አለበት። አርባ ዓመት ሙሉ የበርሜል ቆርቆሮ እየቀጠቀጠ የከሰል ምድጃ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሜትር የሚባል ነገር በእጁ አይነካም። አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ላሜራውን ያየዋል፣ በጠመኔ ያሰምርበታል፣ ይቆርጠዋል፤ ምድጃው ልክ ሆኖ ይወጣል። ክፋቱ፣ በዓለም ላይ ያለ ነገር ሁሉ በዚሁ መንገድ የሚሠራ ይመስለዋል።

ስለዚህ የካራማራን ጉዞ ማቀድ ሲጀምር ወረቀት አልፈለገም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅጅጋ ያለውን መንገድ ላሜራ ላይ በጠመኔ ሣለው። መነሻው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጠገብ ያለው የትግላችን ሐውልት ነው፤ እዚያ ሻማ ይበራል። ከዚያ አዳማ ቁርስ፣ አዋሽ ምሳ፣ ጭሮ ሻይ፣ ሐረር አዳር። በማግስቱ፣ የካቲት ሃያ ስድስት፣ በድሉ ቀን፣ ገና በጠዋቱ ካራማራ ተራራ ላይ። አሳምሮ ሣለና ምሳ ሊበላ ወጣ። ሲመለስ አስቸኳይ ትዕዛዝ ጠበቀው፤ እጁም የለመደውን ሠራ። ከሰዓት በኋላ ጓደኛው ነስረዲን ዕቅዱን ሊያይ ሲመጣ አዋሽና ጭሮ ምድጃ ሆነው ተሸጠዋል።

«ሐረርስ አለች?» አለ ነስረዲን።

«ሐረር እግር ሆናለች።»

ነስረዲን አንዋር መስጊድ አጠገብ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣል። ከዘውገ ጋር በአንድ ኳስ ተራግጠው ያደጉ ናቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ራሱን የጉዞው አስተባባሪ አድርጎ ሾመ፤ ተቃዋሚም አልነበረም። በሳምንት ውስጥ ከተራው ቀጥቃጮች አሥር ሰው መዘገበ፤ ከሁለቱ ጋር አሥራ ሁለት ሆኑ።

ሰው ሁሉ እየሳቀ ተመዘገበ እንጂ ጉዞው የሽርሽር አልነበረም። ዘውገ ሀብተሚካኤል የሚባል ታላቅ ወንድም ነበረው። መዶሻ አያያዝ ያስተማረው እሱ ነው። በስልሳ ዘጠኝ ክረምት፣ የሶማሊያ ጦር በምሥራቅ በኩል ሲገባ፣ ሀብተሚካኤል ከሚሊሻው ጋር ዘመተ። ያኔ እሱ ሃያ ዓመቱ ነበር፣ ዘውገ ዘጠኝ። በዓመቱ አንድ አብሮት የዘመተ ልጅ መጥቶ፣ ካራማራ ተዳፋት ላይ ሲወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ ብሎ ተናገረ። እናትየው እትዬ ውባንቺ ልጁን እስከ መጨረሻው አዳመጡት። «የሌላ ሰው ልጅ ይሆናል፣ ተሳስተህ ነው» አሉት፤ ምሳ አብልተውም ሸኙት።

ድንኳን አልተጣለም። ለቅሶ አልተቀመጡም። አርባ ስምንት ዓመት ሞላው። እትዬ ውባንቺ ዛሬ የሰማንያ ሰባት ዓመት ሴት ናቸው፤ አሁንም ሰው ወደ ሐረር ሊሄድ ነው ሲባል ከሰሙ «ሀብቴን ካገኘኸው ሰላም በልልኝ» ይላሉ። ሰፈርተኛው ሁሉ «እሺ» ይላል። ሌላ ምን ይላል?

ዘውገ ምስኪን፣ እናቱ ልጃቸውን በሚጠብቁበት ቤት ውስጥ ወንድሙን ማልቀስ አልሆነለትም። አንድ ቀን ያ ተራራ ላይ ቆሞ ስሙን ጠርቶ ማልቀስ ነው የፈለገው፤ ሌላ ምኞት አልነበረውም። ለእናቱ ይህን መንገር ግን ልጃቸውን በእጁ እንደ መቅበር ሆኖ ታየው። ስለዚህ «ሐረር ምድጃ ልወስድ ነው» ብሎ ዋሸ። እትዬ ውባንቺም ያንኑ የሀብቴን ሰላምታ ላኩበት። ዘውገ «እሺ እማዬ» ብሎ ወጣና በእፍረት ሙሉ ቀን መዶሻው እጁን ሲመታው ዋለ።

እንግዲህ የነስረዲን ሹመት ጣጣ የመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ጉዞ ያለ ቲሸርት ጉዞ ነው እንዴ?» አለ። የሀብተሚካኤልን አንዲት ፎቶ፣ ሲኒማ ራስ አካባቢ የተነሣትን፣ አፍሮው እስከ ፍሬሙ ጥግ የደረሰባትን፣ ከዘውገ ተቀብሎ ወደ ማተሚያ ቤት ሮጠ። ፎቶዋ ደረት ላይ፣ «ጉዞ ወደ ካራማራ» የሚለው ጀርባ ላይ ታተመ። ቲሸርቱ ጥቁር ነበር።

«ለምን ጥቁር?» አለ ዘውገ።

«የተረፈኝ እሱ ነው። ደግሞም ቆሻሻ ይችላል።»

ደረቱ ላይ የሰው ፎቶ ያለበት ጥቁር ቲሸርት አዲስ አበባ ውስጥ መቼ እንደሚለበስ የአምስት ዓመት ልጅ ያውቃል። ሁለቱ ጎልማሶች ግን ለጉዞው በሚከራዩት ኮስተር አውቶቡስ ሐሳብ ተወጥረው ነበርና አልታያቸውም። ዘውገ ልኩን ለማየት ለበሰው፣ ከሹፌሩ ጋር ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው፣ እንደ ለበሰው በረረ።

ሲኒማ ራስ ታክሲ ሲጠብቅ ማሙሸት አገኘው። ማሙሸት የእድራቸው ንብረት ክፍል ነው፣ ድንኳኑም አግዳሚውም በእሱ እጅ ነው፤ ሰፈሩ ከገባ ሦስት ወሩ ነው፤ በሥራው ግን የማይታማ ሰው። ፎቶውን ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ።

«ጋሼ ዘውገ! ምነው? ማናቸው?»

«ወንድሜ ነው!» አለ ዘውገ፣ ታክሲው ውስጥ እየተጋፋ። በሩ ተዘጋ፣ ታክሲውም ሄደ።

ዘውገ ከሹፌሩ ጋር ተስማምቶ፣ ደስ ብሎት፣ ቲሸርቱን ቤት ሳይገባ ሊያወልቅ እያሰበ ሲመለስ፣ የእድሩ ሰማያዊ ድንኳን በራቸው ላይ ተተክሎ አየ። አግዳሚው ተደርድሯል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። እናቴ ሞተች አለ። እየተደናቀፈ ሮጠ።

እትዬ ውባንቺ በሩ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። «ኧረ ንገሩኝ፣ ማን ነው የሞተው?» ይላሉ። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ወሬውን ሰምቶ የመጣው ነስረዲን መሬት መሬት ያያል።

«የጋሼ ዘውገ ወንድም ነው ተብሎ...» አለ ማሙሸት፤ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባው።

አሮጊቷ ዞር ሲሉ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ደረቱን አዩ።

ዘውገ በእጁ ሊሸፍነው ሞከረ፤ መዳፉ አልበቃም። ስህተት ነው፣ አፍርሱት ቢል ነገሩ ያልቅ ነበር፤ ድንኳኑ በስህተት የተተከለ ነውና ውሸትም አይሆንበትም። እጁን ከፎቶው ላይ አነሣ።

«ሀብቴ ነው፣ እማዬ» አለ። «ሀብቴ ሞቷል። እዚያው ካራማራ ላይ ነው የቀረው።»

በዚያ በር ላይ ይህን ቃል ከቤተሰቡ ሰው አፍ ማንም ሰምቶ አያውቅም። እትዬ ውባንቺ ቀስ ብለው ቀረቡና ፎቶውን በጣታቸው ነኩት።

«ይኼን ጸጉር ተቆረጥ ብዬው ነበር» አሉ።

ነስረዲን ማሙሸትን በዓይኑ ጠቀሰው፤ ማሙሸት የድንኳኑን ገመድ መፍታት ጀመረ።

«ተው አንተ!» አሉ እትዬ ውባንቺ። «ማን አንሣ አለህ? ለስንቱ ቤት ስቀመጥበት ኖሬያለሁ፤ ለልጄ አልቀመጥበትም?»

ሄደው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ራሳቸው አዘቀዘቁ። ከዚያ «ሀብቴ! ሀብቴ!» ብለው አለቀሱ፤ ሴቶቹም ተቀበሏቸው። ከአንዋር በኩል የነስረዲን ጎረቤቶች መጡ፣ ቀጥቃጮቹ መዶሻቸውን ጥለው መጡ። ዘውገ እናቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ ለተራራው ያቆየውን ለቅሶ እዚያው በሩ ላይ እንደ ልጅ ተንሰቅስቆ ጨረሰው።

ሰው ቀለል ሲል እትዬ ውባንቺ ፊታቸውን ጠርገው ወደ ልጃቸው ዘወር አሉ።

«ያ ተራራ መኪና ያስወጣል?»

«ጥሩ አስፋልት ነው፣ እማዬ። ከአስፋልቱ ወዲያ ግን ገደላገደል ነው።»

«እንግዲያው ከመኪናው ስንወርድ ታዝለኛለህ» አሉ።