ጋሽ ችኮ፣ ሚስቱና የምትፈላው መኪና

ሰፈሩ ጋሽ ችኮ ይለዋል። እሱም አይከፋም። ሠላሳ ዓመት አንድ የጭነት መኪና የሙጥኝ ያለ ሰው ሌላ ምን ሊባል ኖሯል?

ይቺ አሮጊት መኪና ግን ሰሞኑን አዋረደችው። ባለፈው ሳምንት ሚስቱን ለዓይን ቀዶ ጥገና ይዟት ሲወጣ፣ ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው ዳገት ወገብ ላይ ሞተሩ ፈላና ቆመች። የሚስቱ ተራ አለፈ። ሐኪሙ በስንት ልመና ለነገ ጠዋት ቀጠራትና ቁርጧን ነገራት፦ ነገ ከቀረች ቀጣዩ ተራ ከስድስት ወር በኋላ ነው፤ ዓይኗ ደግሞ ስድስት ወር አይጠብቅም። ቀኙ ድሮ ጠፍቷል። የቀራት ግራው ብቻ ነው፣ እሱም ጥላና ብርሃን ቢለይ ነው።

ጋሽ ችኮ ከማለዳ ጀምሮ ግቢው ውስጥ ኮፈኑን ከፍቶ ከሞተሩ ጋር ይታገላል። ራዲያተሩን አጠበ። የውሃ ፓምፑን ፈታ፣ ገጠመ። ቆማ ስትሠራ ደህና ናት፤ ዳገቱ ላይ ሲሞክራት የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩን ይነካል። ሁለቴ ወጣ፣ ሁለቴ እፍረቱን ተከናንቦ ተመለሰ። ቀኑም ተገባዷል።

"አንተ ሰውዬ፣" አለች ሚስቱ ከበረንዳው፣ "ጎረቤታችን ባለታክሲው ላድርሳችሁ ብሏል እኮ።"

"የኔ መኪና ቆማ ሚስቴ በሰው መኪና? ምነው፣ በቁሜ ሞቻለሁ እንዴ?"

"የኔ ዓይን ይጥፋ፣ ያንተ ኩራት አይነካ!"

በንዴት ጨርቅ አንስቶ የራዲያተሩን ክዳን ሊከፍት እጁን ሰደደ።

"ተው! ሲንተከተክ አይሰማህም?"

እጁን ሰበሰበ። ከፍቶት ቢሆን ኖሮ የፈላው ውሃ ፊቱን ይልጠው ነበር። መሬት ላይ ዘጭ አለ።

ሚስቱ ግድግዳውን እየዳሰሰች ወረደች። "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ። መኪናዋ ስትጮህ አንተ ጋቢና ውስጥ ነህ። ወርደህ ስታያት ዝም ብላለች። ስትጮህ ማን አይቷት ያውቃል?"

ማንም። መሪዋን ለሰው ሰጥቶ አያውቅማ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለወንድሙ እንኳ አላስነካም።

"ነዳጁን እኔ ልርገጠው" አለች።

ደግፎ ጋቢና ውስጥ አስቀመጣት፣ እግሯን በእጁ ይዞ ነዳጅ መስጫው ላይ አኖረላት። "ኮፈኑን በመፍቻ ስመታ ቶሎ አንሺ። እጄ እዚያ ውስጥ ነው፣ እመቤቴ፤ አደራ።"

ረገጠች። ሞተሩ አጓራ። ከሚሽከረከረው ማራገቢያ አንድ ስንዝር ርቆ ጎንበስ አለ። ያኔ አየው፤ ከራዲያተሩ ሥር ያለው የጎማ ቱቦ፣ ጡት እንደሚጠባ ሕፃን ጉንጭ፣ ወደ ውስጥ ስርጉድ አለ። ውሃው መንገዱ ተዘጋበት ማለት ነው። ኮፈኑን መታ። ወዲያው እግሯን አነሳች፤ ቱቦውም ምንም እንዳልሠራ ሰው ተነፋ።

"አገኘሁህ፣ አንተ ሌባ!"

ሞተሩ ሲበርድ ቱቦውን ፈታው። ውስጡን ደግፎ የሚይዘው ጥቅል ሽቦ በዝገት አልቋል። ወፍራም ሽቦ ፈልጎ በብረት ቧንቧ ላይ ጠቀለለ፣ አስገባ፣ አጠበቀ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳገቱን ወጣው፤ ቀስቱ ከመሐል ንቅንቅ አላለም። ጥሩምባውን እያንባረቀ ተመለሰ። ልጅ ሆነ እኮ ሰውየው!

"እንኳን ደስ ያለህ" አለች ሚስቱ። "እንግዲህ ነገ በሷ ነን።" ድምጿ ውስጥ ደስታ አልነበረም። ዞራ የደረጃውን ጫፍ በእግሯ ፈለገች፣ ሳተችው፣ እንደገና ፈለገች።

ጋሽ ችኮ እያያት ቆመ። ከዚያ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ወጣና የባለታክሲውን በር አንኳኳ።

"ምነው፣ አልተሠራችም?" አለ ባለታክሲው።

"ተሠርታለች። ዳገቱን እንደ ፍየል ነው የወጣችው።"

"ታዲያ?"

ጋሽ ችኮ አንገቱን ደፋ። "በዓይኗ መወራረድ ፈራሁ። ነገ አንተ አድርስልኝ፣ ወንድሜ።"