ለትንሿ ትራክተር የመረጥኩት ሰፊ ማጨጃ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ቢሆን። ጾም መሻሬን ነግሬያቸዋለሁ፤ ከእህቴ ጋር ተኳርፌ መክረሜን ነግሬያቸዋለሁ፤ ሰው ማማቴንም ሳልደብቅ ዘርዝሬላቸዋለሁ። ይህችኛዋን ግን ጉሮሮዬ ላይ ስትደርስ መልሼ እውጣታለሁ። «ሌላስ ልጄ?» ሲሉኝ «ሌላ የለም አባ» ብዬ፣ መስቀላቸውን ተሳልሜ የምነሣ ሰው ነኝ። እንግዲህ የምታነቡኝ ሁሉ፣ ዛሬ እናንተ በእሳቸው ወንበር ተቀመጡልኝ። አንድ ሰው በኔ ምክንያት እግሩን አጥቷል፤ ጥፋቱ ግን የራሱ መስሎት ይኖራል። የምናዘዘው ይህን ነው።

ሥራዬ የእርሻ መሣሪያ ነው። ተወልጄ ያደግኩት መራዊ፣ ኑሮዬ ፍኖተ ሰላም። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ገበሬዎች ያቋቋሙት ማኅበር በባለሙያነት ቀጥሮኝ ነበር። ማኅበሩ አንዲት ትንሽ ትራክተር ነበረችው። ትንሽ ስል በእውነት ትንሽ፤ ከትልልቆቹ አጠገብ ብትቆም ልጃቸው የምትመስል። ለእርሻው ደህና አድርጋ ታገለግል ነበር። የቀራት ከኋላዋ የሚታሰር ማጨጃ ነው፤ ከብረት ክዳኑ ሥር ቢላዋው እየተሽከረከረ ረጅሙን ሣርም፣ አረሙንም፣ አውራ ጣት የሚያህለውን ቁጥቋጦም አንድ ላይ የሚያወርድ ዓይነት። ይህን ማጨጃ መምረጥ የኔ ሥራ ነበር። የኔ ብቻ።

ባሕር ዳር ሄድኩ። ሻጩ ሁለት አሳየኝ፤ አንዱ ጠባብ፣ አንዱ ሰፊ። ልኩ እንዴት እንደሚታወቅ ልንገራችሁ፤ ሳላውቅ ያደረግኩት እንዳይመስላችሁ። ስፋቱ የትራክተሯን የኋላ ጎማዎች ዱካ ሸፍኖ ጥቂት ብቻ መትረፍ አለበት፤ ከዚያ ከሰፋ ሞተሯ አይችለውም። ክብደቱ ደግሞ ከመሬት ሲነሣ የፊት ጎማዎቿን የሚያቀል መሆን የለበትም። ከኋላዋ የተንጠለጠለው ሲከብድ ፊቷ ይቀላል፤ ፊቷ ሲቀል መሪው አይታዘዝም፤ ዳገት ላይ ከሆነች ደግሞ ጎማዎቿ መሬት ለቀው ይነሣሉ። ይህን ተምሬዋለሁ፣ አስተምሬዋለሁም። ሻጩም ቢሆን አላጠፋም። «ለዚች ልኳ ጠባቡ ነው» አለኝ። «ሰፊው ለታላቅ ወንድሟ ነው።» እኔ ሰፊውን አልኩ። ትንሽ አየኝና፣ «እንግዲያው አፍንጫዋ ላይ የብረት ክብደት ይታሰርላት፤ ፊቷን ይጫንላት» አለ። እሱንም ተውኩት። አፍንጫዋ ላይ ብረት አሳስሬ ብመለስ፣ ዕቃው ከብዷታል ብዬ በራሴ ላይ መመስከሬ አይደል?

ለምን? ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። ከመሄዴ በፊት በነበረው ስብሰባ የማኅበሩ ሊቀ መንበር አያ ደሴ ሁለት እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው፣ «ብቻ ዓይን የሚሞላ ይሁን ልጄ» ብለውኝ ነበር። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው ደግሞ፣ «እሷ እንደሆነች ለጓሮዋ የሚበቃ ነው የምታመጣልን» አለ፤ ሰውም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሳቁ ግን ባሕር ዳር ድረስ ተከተለኝ። ሰፊውን ስመርጥ ለሣሩ አልነበረም የመረጥኩት፤ ለዚያ ሳቅ ነው። ታዲያ የተሳቀበት ሰው ሁሉ የሰው እግር ያስቆርጣል? አያስቆርጥም። እኔ ነኝ ያስቆረጥኩት።

አሁን ወደ መስኩ ልውሰዳችሁ። ክረምቱን ሙሉ ከብት እንዳይገባበት ተከልክሎ የቆየ የወል መስክ ነው፤ ኅዳር ሲገባ ሣሩ ደረት ይደርሳል። ሌላ ጊዜ ወንዱ ሁሉ ማጭዱን ይዞ ይወጣና በደቦ ያጭደዋል። በዚያ መንደር ብዙዎቹ ቤተሰቦች ከአዊ የመጡ ናቸው፤ ፈረስ ይወዳሉ ማለት ብቻውን አይገልጻቸውም። ሰውን በፈረስ አቀማመጡ ነው የሚያውቁት፤ ሲያሞግሱም ሲነቅፉም ቃላቸው ከፈረስ ነው የሚመጣው። ማጨጃው መጀመሪያ በወጣበት ቀን ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ሸልመው በመስኩ ዳር ተሰልፈው ነበር፤ የመጀመሪያውን አጨዳ የሚቀምሱት ፈረሶቹ ናቸውና።

ሾፌሩ ምንይችል ይባላል። ከፈረሰኞቹም የሚደርስበት አልነበረም። ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከፈረሱ ጋር በአገውኛ ነው የሚነጋገረው። ትራክተሯንም ሲነዳ በአገውኛ ያባብላት ነበር፤ ሲስቁበት፣ «ምን ላድርግ፣ አማርኛ አልገባ ብሏት ነው» ይላል።

ማጨጃው ወርዶ ሣሩ ውስጥ ሲገባ የሆነውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያ ደረት የሚደርስ ሣር ዝም ብሎ ተኛ። ከኋላዋ መንገድ ተከፈተ፤ ሰፊ፣ አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ መንገድ፤ ትራክተሯ በሄደች ቁጥር መስኩ እየተገለጠ፣ ከሣሩ ወዲያ የነበረው አገር ብቅ እያለ ሄደ። የተቆረጠው ሣር ሽታ ሞላን። ነጫጭ ወፎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ከኋላዋ ሰፈሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጎንበስ ብለው ያጨዱ ሽማግሌዎች የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ቆመው ቀሩ፤ አንዱ ደጋግሞ ያማትብ ነበር። እኔም ደነቀኝ። ማሽን ሥራዬ ሆኖ ሳለ፣ የማላውቀው ነገር ያየሁ ያህል ሰውነቴን ወረረኝ። ሞተሯ እያቃሰተች መሆኗን ጆሮዬ ሰምቷል። ሰምቶም ዝም አለ።

ከመስኩ ዳር ቦይ አለ፤ ከቦዩ አጠገብ መሬቱ ሽቅብ ይነሣል። ምንይችል እዚያ ደርሶ ለመዞር ማጨጃውን ከመሬት አነሣውና ፊቷን ወደ ዳገቱ አዞረ። ይኼኔ የፊት ጎማዎቿ መሬቱን ለቀቁ። አየር ላይ ቆዩ። ቀስ ብለው ወረዱ። እልልታው ቀለጠ። ፈረስ በኋላ እግሩ ሲቆም እያየ ያደገ ሰው ያየው ያንኑ ነበር። ምንይችል አቆማት፣ አሉ። ብረቷን እንደ ፈረስ አቆማት፣ አሉ። ፈረሰኞቹ አለንጋቸውን ወደ ላይ አንሥተው ሰላምታ ሰጡት። አያ ደሴ ወደ እኔ ዞሩ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

«ልጄ፣ መቆምም ታውቃለች?» አሉኝ።

«ታውቃለች» አልኳቸው።

ይኸው ነው። ሰፊውን መምረጤ ትዕቢት ነበር፤ ትዕቢት ደግሞ ሊታረም ይችላል። ያን ሰዓት «የለም አያ፣ ዕቃው ከብዷት ነው፣ ያውርደው» ብል ኖሮ ማጨጃው ተመልሶ በጠባብ ይለወጥ ነበር፤ እኔ ለአንድ ሰሞን እሳቅበት ነበር፤ ያ ሁሉ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። እኔ ግን «ታውቃለች» አልኩ። ምንይችል ራሱ ከትራክተሯ ወርዶ ወደ እኔ መጥቶ ነበር። «እታለም፣ ሳላዛት እኮ ነው የቆመችልኝ» አለኝ፣ ፊቱ እያበራ። ሳላዛት፣ አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ይበለኝ? እኔም «እጅህን ለምዳ ነው» አልኩት።

ከዚያ በኋላ መቆሟ የመስኩ ወግ ሆነ። ቦዩ ጋ ልትደርስ ስትል ሰው ይሰበሰባል፤ በአስፋልቱ የሚያልፉ ሚኒባሶች እንኳ ዳር ይዘው ይቆሙ ነበር። ምንይችልም አያሳፍራቸውም። ማጨጃውን ከፍ አድርጎ ነዳጅ ይሰጣታል፤ ትቆማለች። ጎማዎቿ አየር ላይ በቆዩ ቁጥር እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ። ሲወርዱ ከሰዉ ጋር አጨበጭባለሁ። አዎ፣ አጨበጭብ ነበር።

የወደቀችው ጠዋት ነው፣ ጤዛው ሳይረግፍ። ዳገቱ ያንሸራትት ነበር። ቆመች፤ አልተመለሰችም። የማጨጃው ጫፍ መሬቱን ሲመታ ወደ ጎን ዞራ ወደቀች፣ ምንይችልን ከሥሯ አድርጋ። እልልታው ገና ከሴቶቹ አፍ ላይ አልወረደም ነበር። ፈረሰኞቹ ከፈረስ ዘለሉ፤ ሰው ሁሉ ሮጠ። በድንበር የተካሰሱ፣ ሰላምታ የማይለዋወጡ ሰዎች ጎን ለጎን ትከሻቸውን ብረቱ ሥር አስገቡ። አነሷት። ትራክተሯን ከነማጨጃዋ በትከሻቸው አነሷት። ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል፤ ያን የሚያህል ብረት ለአንድ ሰው ሲሉ ከመሬት ሲያላቅቁት በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ከነሱ ጋር አልነበርኩም። ቆሜ አይ ነበር።

ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ወሰዱት። ሕይወቱ ተረፈ፤ አንድ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። መንደሩ ፍርዱን ለመስጠት አልዘገየም። «ፈረስ መሰለችው። ብረት እኮ ፈረስ አይዶለም» አሉ፤ ያንኑ እልል ያሉለት ሰዎች። ማኅበሩም ባለሙያ ነሽና ተናገሪ አለኝ። ተነሥቼ፣ «ማጨጃው ምንም እንከን የለበትም» አልኩ። እንከን የለበትም ማለቴ እውነት ነበር። ልኳ አልነበረም ማለቱን ዋጥኩት። ሾፌርነቱን ለሌላ ሰጡ።

የባሰውን ልንገራችሁ። በቅበላው ሰሞን፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሰው ከሰው ይቅር በሚባባልበት ጊዜ፣ ምንይችል ቤቴ ድረስ መጣ። ሚስቱ ይታይሽ ደግፋዋለች፤ ክራንቹን ገና አልለመደውም። ተቀመጥ ስለው እምቢ አለ።

«ቆሜ ነው የምናገረው» አለ። «እታለም፣ ደክመው ያመጡልንን ዕቃ በጉራዬ አበላሸሁት። በርስዎም ላይ አስወራሁ። ጾሙ ሳይገባ ይቅር ይበሉኝ።»

ይታይሽም አንገቷን ደፍታ፣ «በእንቅልፉም ይኸንኑ ነው የሚቃዥ። ይቅር ይበሉልኝ» አለች።

የሠሩትን በደል እንኳ ይቅር በሉኝ ለማለት ሰዎች ዘመናቸውን ይፈጃሉ። ይህ ሰው የሱ ያልሆነውን በደል ተሸክሞ በአንድ እግሩ መጣ። ስለ ትራክተሯ መቆም ብዙ አውርቻለሁ፤ ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን እዚያ ደጄ ላይ የቆመው ሰው ነው። እፊቱ ልደፋ ይገባኝ ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልኩት። እኔ ምንይችልን ይቅር አልኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ከለከልኩት፤ መከልከሌንም በልቤ እንደ ደግነት ቆጠርኩት።

ከዓመት በኋላ ማኅበሩ ሌላ ባለሙያ አማክሮ ጠባቡን ማጨጃ ገዛ። ትራክተሯ አሁን በደህና ታጭዳለች፤ ዳገቱንም ፊቷን ሳታነሣ ትወጣዋለች። ታዲያ ሰው ምን የሚል ይመስላችኋል? ከምንይችል በኋላ ማንም ሊያቆማት አልቻለም ይላል። እጁን የለመደች ነበረች ይላል። ያቺ የኔ ውሸት ናት፤ ከአፌ ወጥታ መንደሩን ሁሉ ዞራ የአገር ወሬ ሆናለች።

በቅርቡ እውነቱን ልነግረው ቆርጬ ሄጄ ነበር። ከቤቱ ፊት ተቀምጧል፤ የማይቀመጥበት ፈረሱ አጠገቡ ታስሯል። ከቡሬ ለመጡ እንግዶች ያወራ ነበር። «በአገውኛ ቀስ ብዬ ነገርኳት፤ ያኔ ቆመችልኝ» ይላቸዋል፤ ፊቱ እንደዚያ እንደ መጀመሪያው ቀን ያበራል። እኔም ቃሉን መልሼ ዋጥኩት። እውነቱን ብነግረው ጥፋቱን ብቻ አይደለም የምወስድበት፤ የቀረችውን አንዲት ክብርም ነው፤ አልኩ። ይህንንም ሰበብ እወቁልኝ። ለሱ ያዘንኩ መስዬ ራሴን የደበቅኩበት ሰበብ ነው። ያችን ክብር የሚይዛት ጥፋቱን ተሸክሞ ነው፤ ሌሊት የምታስቃዠው እሷው ናት። የሰጠሁትም እኔ፣ በውሸት የሰጠሁት እኔ።

ስለዚህ ይህን የጻፍኩትን ወስጄ፣ አያ ደሴን አስቀምጬ፣ ለምንይችልና ለይታይሽ አነብላቸዋለሁ። ይቅርታ አልለምነውም። ብለምነው ያንኑ ሰዓት እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ፤ የሚያስፈራኝም እሱ ነው። የማነበው ለሱ ቢሆንም የመጨረሻው ቃል ለሽማግሌው ነው፤ በእንባ ጠይቀውኝ በውሸት የመለስኩላቸው እሳቸው ናቸውና። አያ ደሴ፣ መልሱን አዘግይቼብዎታለሁ። ትራክተሯ መቆም አታውቅም ነበር፤ ዕቃው ከብዷት ነው። የማውቀው እኔ ነበርኩ።