ፈረንሳዊው የላከብኝ መርዶ

ትናንት ሴንቴኒያል ከተማ ከምሠራበት የአረጋውያን ቤት ወጥቼ፣ መኪናዬን ሳላስነሳ ስልኬን ከፈት አደረግኩ። አንድ ሽማግሌ ፈረንሳዊ የፊልም ዳይሬክተር ሞተ ይላል። ፎቶውን አየሁት፤ ያው ሹል አፍንጫ፣ ያው አንገቱ ላይ የተጠመጠመ ሻርፕ። ቁልፉን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከሐዘን አይደለም። እንደዚያ ሰውዬ ያስደነገጠኝ ሰው ስለሌለ ነው።

ሃይስኩል በጨረስኩበት ዓመት ነው። አውሮራ ከተማ ከእናቴ ጋር እንኖር ነበር። አባቴ ደሴ ኩላሊቱን ታሞ ቪዛ ይጠብቃል። ሰውዬው ስለ ስደተኞች ፊልም ሊሠራ መጥቶ፣ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ እኔ ከማስተናግድበት ካፌ አገኘኝና ለፊልሙ መረጠኝ። ተዋናይ አይወድም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከመንገድ ባገኛቸው ሰዎች ነው ፊልም የሠራው። የተጻፈ ድርሰት የለውም። "ጀምሩ" አይልም፣ "በቃ" አይልም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ስንቀረጽ ጀርባውን ሰጥቶ መቆሙ ነበር። ድምፃችንን ብቻ ነው የሚያዳምጠው። አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ከእናቴ ጋር ስጨቃጨቅ ያስቀርጸኛል። እኔ ደግሞ ይሄም ሥራ ሆኖ እላለሁ በልቤ። ቤታችን ሲመጣ ዳቦ ላይ ቅቤና በርበሬ ቀብቶ፣ እያላበው ይበላል።

አንድ ቀን እየበላ "የሚያስፈራሽ ምንድን ነው?" አለኝ። እኔ ነገር ማዞር አልችልበትም፤ ነገርኩት። እኛ ዘንድ የቅርብ ሰው ሲሞት በስልክ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይወጣ በማለዳ ያንኳኳል። አባቴ ከታመመ ወዲህ ጠዋት የመኪና በር ሲዘጋ በሰማሁ ቁጥር ልቤ ድው ይላል አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ሌላ አልጠየቀኝም።

የመጀመሪያው በረዶ የጣለ ሰሞን፣ ለሥራ ስነሳ ሊቀርጹኝ ብለው እሱና ካሜራ ያዡ በጠዋት መጡ። እናቴ እንግልውድ ከሥራ ቦታዋ ፈረቃ ላይ ናት። ጥርሴን እየቦረሽኩ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ሌላም ተዘጋ። ከዚያ ሌላ። በመስኮት አየሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ታደለ ኮፍያቸውን አውልቀው ፓርኪንጉ ላይ ቆመዋል። ከኋላቸው ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ጥቁር ለብሰው፣ ፔርሙስና ዳቦ ይዘዋል። በዚያ ሰዓት ፔርሙስ ይዞ ለጨዋታ የሚመጣ ሰው የለም። ለቅሶ ቤት እሳት ስለማይነድድ ነው የሚያዘው።

ካሜራው መኖሩን ረስቼ በሩን ከፈትኩ።

"አባዬ ነው?" አልኩ።

ጋሽ ታደለ መሬት መሬቱን ያያሉ።

"ጋሼ፣ አባዬ ነው ወይ?"

የበሩን እጀታ እንደያዝኩ ወለሉ ላይ ተዘረፈጥኩ። ከአፌ የወጣው ድምፅ የእኔ አልመሰለኝም። እትዬ ዘነበች ፊቴን ትክ ብለው አዩና ፔርሙሱን አስቀመጡ።

"ኧረ ይቺ ልጅ አታውቅም" አሉ። ወደ ካሜራ ያዡ ዞረው በአማርኛ ወረዱበት። "ታውቃለች አላላችሁንም? ሟርት ነው ብዬ ነበር እኮ እኔ።" ካሜራውን በመዳፋቸው ከደኑት። "ልጄ፣ ማንም አልሞተም። ፊልም ነው። ተነሺ።"

አላመንኳቸውም። እንዴት ልመን? መርዶ ነጋሪ መጀመሪያ ሁልጊዜ ይዋሻል። "ትንሽ አሞት ነው፣ አይዞሽ" ይባላል፣ እውነቱ ቀስ ብሎ ይመጣል። "ፊልም ነው" ባሉኝ ቁጥር የአባቴ ሞት እየተረጋገጠልኝ ሄደ። ደሴ ደወልኩ። ይጠራል፣ አይነሳም። እንደገና ደወልኩ። ጋሽ ታደለ ያማትባሉ።

"ሄሎ? ምነው በእናንተ ማለዳ፣ ቁርስ ሳትበዪ ነው የምትደውዪው?" አለ አባቴ እያሳለ።

መናገር አቃተኝ። "ኔትወርኩ ነው መሰለኝ" እያለ አጠገቡ ላለ ሰው ሲያወራ ይሰማኛል።

"ይሄ ፈረንጅ እኛንም ገዳይ አደረገን እኮ" አሉ ጋሽ ታደለ።

ያኔ ነው ሰውዬው፣ እንደ ልማዱ ጀርባውን ሰጥቶ ከቆመበት፣ የዞረው። ዓይኑ ቀልቷል።

"ጤነኛ ነህ አንተ?" አልኩት በእንግሊዝኛ።

እንደነገረኝ፣ ልጅ ሳለ እናቱ ስትሞት "መንገድ ሄዳለች" ብለው ደበቁት። ከቀብሯ በኋላ ከሰፈር ልጆች ሰማ። ከዚያ ወዲህ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ መርዶ በሚሰማበት ሰዓት የሰው ፊት ምን እንደሚመስል ማየት።

"ታዲያ ለምን ጀርባህን ሰጠህ?"

የተቀረጸውን እፊቴ አስጠፋሁት። ፊልሙንም ተውኩት።

አባቴ ቪዛው ሳይመጣ ሞተ። ያን ቀንም በማለዳ መጡ፣ እነዚያው ሰዎች። ጋሽ ታደለ ሲያረዱን አላለቀስኩም። ከትከሻቸው በላይ ደረጃውን አያለሁ፣ ካሜራ እፈልጋለሁ። እናቴ ደረቷን ስትመታ እኔ አንዱ "ፊልም ነው" እስኪል ጠበቅኩ። ማንም አላለም። ሰዉ ጨካኝ ናት ብሎ አወራብኝ፤ ያውራ።

ትናንት መኪናው ውስጥ ሆኜ ዜናውን ሌላም ቦታ ፈልጌ አነበብኩ። እውነት ነው፣ ሞቷል። ልጅ ይኑረው አይኑረው ጠይቄው አላውቅም። ካለው፣ የሚያረዳው ሰው ፊቱን እያየ ይንገረው ብዬ ተመኘሁ። ቀጥሎ ለእናቴ ደወልኩ። ደህና ናት። ደህና መሆኗን እያወቅኩ ነው የደወልኩት።