«ይጽደቅ» ያልኳቸው መልእክቶች

እኔ ሲበዛ ተጠራጣሪ ነኝ። ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው እጁን ባንቀሳቀሰ ቁጥር ቦርሳዬን ወደ ጉያዬ እስባለሁ። ስለዚህ ሥራ አስኪያጃችን ኢሜይል በጅምላ የሚያደራጅ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አመጣሁ ባሉን ቀን ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ስንት ቀን እንደቀረኝ ማሰብ ጀመርኩ።

ሐይቅ ዳር ባለ አንድ የሆቴልና መስተንግዶ ማሠልጠኛ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የገባውን ኢሜይል ሁሉ የከፈትኩት፣ ያተምኩት፣ በፋይል ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። አሁን «ወኪል» የሚሉት ነገር መጣና የዓመቱን መልእክት በአንድ ጊዜ አንብቦ፣ ይሄ ደረሰኝ፣ ይሄ ማስታወቂያ፣ ይሄ ደብዳቤ እያለ ይከምር ጀመር። አንድ ደህና ጠባይ ነበረው፤ ክምሩን ማንም ተመልሶ ወደማያየው ማኅደር ከመክተቱ በፊት ዝርዝር አውጥቶ «ይጽደቅ?» ብሎ ይጠይቃል። ማጽደቁ ለእኔ ተሰጠ።

አላመንኩትም። የማይደክመው፣ ሻይ የማይጠጣው፣ ፈቃድ የማይጠይቀው ነገር ስለ እኔ ቀርፋፋነት ለአለቃዬ ሳያሳብቅ አይቀርም ብዬ ደመደምኩ። ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ስከፍት የምፈልገው «ጸሐፊ»፣ «ቅጥር»፣ «ቅነሳ» የሚሉትን ቃላት ነበር። አንድ ቀን የመብራት ደረሰኝ ከማስታወቂያ ጋር ቀላቅሎ አገኘሁትና በደስታ አትሜ ቢሮ ለቢሮ አዞርኩት። ማንም ከቁም ነገር አልቆጠረልኝም።

በዚያ ሰሞን የነፃ ሥልጠና ማስታወቂያ አውጥተን ነበር፤ ማመልከቻ የምንቀበለው በኢሜይል ብቻ ነው። በእኛ ከተማ ኢሜይል የሌለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ደግሞ አሳምሬ አውቃለሁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ይሄዳል፤ እዚያ የምትሠራው ልጅ ወረቀቱን ስካን አድርጋ በራሷ አድራሻ ትልክለታለች። የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ከአንድ አድራሻ፣ «ማመልከቻ» በሚል አንድ ርእስ ይመጣል። በየዓመቱ አንድ በአንድ እየከፈትኩ የአመልካቹን ስም የምመዘግበው እኔው ነበርኩ።

አንድ ጠዋት ዝርዝሩ አናት ላይ «ከአንድ ላኪ የመጡ አርባ አንድ ተደጋጋሚ መልእክቶች» የሚል ነበር። ታች ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ለማሠልጠኛው ባለቤቶች የጻፉት፣ «የሠራተኛ ጉዳይ» የሚል ደብዳቤ አለ። ዓይኔ እዚያ ተተከለ። ቸኩዬ ከፈትኩት፤ ስለ ጥበቃዎች የደንብ ልብስ ነው። እፎይ አልኩና ከላይ እስከ ታች ያለውን ሁሉ «ይጽደቅ» ብዬ ወደ ምሳ ወጣሁ።

ሥልጠናው በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት አንድ አዛውንት መጡ። አሞራ ገደል ከሚባለው የሐይቁ ዳርቻ የመጡ ዓሣ አጥማጅ ናቸው፤ ለቢሮ ብለው ንጹሕ ኮት ለብሰዋል። ልጃቸው አመልክታ እንደነበር፣ ስሟ ግን ካለፉትም ካላለፉትም ዝርዝር ውስጥ እንዳልተገኘ ነገሩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤት አትወጣም አሉ።

«የዓሣ አጥማጅ ልጅ ስለሆንኩ ነው የጣሉኝ ትላለች። እኔ ደግሞ እንደዚያ አይሆንም አልኳት። እውነቱን ንገሪኝና ልንገራት፣ ልጄ።»

የልጅቷን ስም ጽፌ ፈለግሁ። ማኅደሩ ውስጥ ነበረች፤ ከነአርባ ጓደኞቿ፣ አንዱም ሳይከፈት። ቦታው ሞልቷል፤ የሚቀጥለው ዙር የሚመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ማሽኑ ነው የደበቀው ብዬ ስለ ወኪሉ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ይህን ቀን ስጠብቀው የኖርኩ ይመስል ቃሉ ከአፌ ተንደረደረ። አዛውንቱ እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ማሽኑ ዝም ብሎ ነው የጣላት ወይስ ጠይቆ?»

«ጠይቆ ነው፣ አባባ።»

«ማንን?»

«እኔን።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወንበር ስበው ተቀመጡና የጻፈችውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ፤ እሳቸው ማንበብ አይችሉም። አነበብኩላቸው። ሆቴል ተቀጥራ አባቷን ከታንኳ ማሳረፍ እንደምትፈልግ ጽፋለች። እዚያ ላይ ስደርስ አፈርኩ፣ ግን ዘልዬ ማለፍ አልቻልኩም። እሳቸው መሬት መሬት እያዩ እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«ደህና አድርጋ ጽፋለች?» አሉኝ።

«በጣም ደህና አድርጋ ጽፋለች፣ አባባ» አልኳቸው።

«እንግዲያው ቤት ድረስ መጥተሽ እሱን አንቺው ንገሪያት» አሉና ተነሥተው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።