ቆሎ አዘግነው ስለ ቲ ሴል ያስተማሩን ጋሽ ፈንታ

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ደብረ ታቦር ገበያው ጫፍ ከባጃጅ አንድ እግሬን እንዳወረድኩ ስልኬ ጠራ። «ጋሽ ፈንታ አረፉ» አለችኝ ልጃቸው። ተመልሼ ባጃጁ ውስጥ ተቀመጥኩ።

አላመንኳትም። ትናንት እኮ ጋፋት ስላለው ገብሳቸው በስልክ ሲፎክሩብኝ ነበር።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ ፈንታ የተማርኩበት ላብራቶሪ ቴክኒሻን ነበሩ። ሰውነታችን በሽታን እንዴት እንደሚከላከል ስንማር ግራ ገብቶን ሲያዩ ውጭ ሣሩ ላይ ሰበሰቡን። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አወጡ።

«አንች ጀርም የምትውጠው ሴል ነሽ» ብለው ቆሎውን ለእኔ ሰጡኝ። «እናንተ በሽታን የምትዋጉት ቲ ሴሎች ናችሁ፤ እስክትቀሰቀሱ ተኙ።»

ሁሉም ተጋደሙ።

«ጀርሙን ቆርሳ ለቲ ሴሉ ታሳየዋለች፤ ይኼን መጽሐፉም ነግሯችኋል። ግን የዋጠችውን ስታብላላ ከውስጧ ጥቃቅን ሞለኪውሎች ትለቃለች። ቲ ሴሉን የሚቀሰቅሱት እነሱም ናቸው። ቆሎው እነሱ ነው እንበል፤ በይ አዘግኝ።»

ቆሎ የደረሰው ሁሉ ተነሣ። እኔ ግን ጠዋት ያበሸቀኝን ልጅ ዘልዬው አለፍኩ። እንደተኛ ቀረ።

«አየሽ» አሉ እየተንከተከቱ፣ «በአንች ኩርፊያ በሽተኛው ሞተ።»

ከዚያ ወዲህ እውቀት የሚሰስት ሰው ባዩ ቁጥር «ብቻህን ዋጥከው? እስቲ አዘግን» ይሉ ነበር።

በኋላ ይህንኑ ጉዳይ የመመረቂያ ጥናቴ አደረግሁት። ሁለት ዓመት ሴል ሳሳድግ ከረምኩ። ውጤቱን አማካሪዬ በራሱ ስም አሳተመው። የእኔ ስም የለም። ከሥር «ላገዘችን ተማሪ ምስጋና» ይላል።

ሥራው በተመሰገነበት ስብሰባ ላይ የተነሡት ጋሽ ፈንታ ብቻ ናቸው።

«ይህ የዚች ልጅ ሥራ ነው። ዕቃውን ያጠብኩላት እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

«ጋሼ፣ ይቀመጡ» አላቸው አማካሪዬ።

«ዕድሜዬን ሙሉ ቆሜ ነው የሠራሁት። ቆሜ እናገራለሁ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። አማካሪዬ ራሱ ሳያስበው ሳቀ። ዛሬም ባጃጁ ውስጥ እንባዬን እየጠረግሁ በዚህ ስስቅ ሹፌሩ በመስታወት ያየኝ ነበር።

ስንወጣ ክንዴን ያዝ አድርገው «እኔስ ተናገርኩ። አንችስ መቼ ነው?» አሉኝ። «ይለፍ ጋሼ» አልኳቸው። ፈርቼ ነበር።

ጋሽ ፈንታ፣ ይኸው ተናገርኩ። ዘግይቼብዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። አማካሪዬም ያነበዋል፣ ያንብበው። ነገ ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገባለሁ፤ የእርስዎንም ምስክርነት ቃል በቃል አሰፍረዋለሁ።

ደህና ይሁኑ፣ ሳቂታው መምህሬ። ስሜ ከተፋቀበት ሥራዬ ሥር የተጻፈ ምስጋና ከእንግዲህ አልቀበልም።