የኦን ቺ ዓይንና አፍ

የከበረ ድንጋይ በሚቆፈርባት በሞጎክ ከጉድጓድ የወጣ ጠጠር ይታጠባል፤ ባለጉድጓዱ የሚፈልገውን ይለቅማል፤ ከቦዩ በታች የሚፈሰው ትራፊ ደግሞ ላገኘው ሰው ነው። ሴቶቹ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው ትራፊውን ሲያበጥሩ ይውላሉ፤ ያገኙትን በሽርጣቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ። ይህን ልማድ ወረቀት ላይ የጻፈው የለም። የደፈረው ግን አንድም ባለጉድጓድ አልነበረም፤ ዜያ የሚባለው የኩባንያ ሥራ አስኪያጅ እስኪመጣ ድረስ።

ኦን ቺ ውሃው ውስጥ የገባችው በዘጠኝ ዓመቷ፣ አባቷን ጉድጓድ ተደርምሶ ከገደለው በኋላ ነው። አሁን ሃምሳ ስምንት ሞልቷታል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ደህና ሩቢ እጇ አልገባም፤ ሦስት ልጆች ያሳደገችው ዋጋቸው ከሩቢ እጅግ በሚያንሰው በጋርኔትና በስፒኔል ነው። ዓይን ግን ነበራት። ለሌላው ሰው ቀይ ያው ቀይ ነው፣ ለሷ ሦስት ነው። ጋርኔት እንደ ረጋ ደም ይጠቁራል። ሩቢን ፀሐይ ላይ ሲያገላብጡት በአንድ ወገን ወደ ብርቱካን፣ በሌላው ወደ ሐምራዊ ያደላል። ስፒኔል በየት በኩል ቢያዞሩት ቀለሙ አይለወጥም፤ አንዳንዱም ከመሬት ሲወጣ ማዕዘኑ የተሳለ ስለሆነ መናፍስት የሞረዱት ነው እንላለን። ሁለት ሰው በድንጋይ ከተጣላ ወደሷ ይመጣል፣ እሷ ካለች አለቀ። ሊያስዋሿት እጅ መንሻ ይዘው የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ስድባቸውን ጠጥተው ተመልሰዋል።

ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ። ዜያም በመጣ በወሩ ከውሃው የሚገኝ ሩቢ ሁሉ የኩባንያው ነው፣ ሌላውን ውሰዱ ብሎ አወጀ። በመውጫው በር ላይ ሰማያዊ መብራት የያዘ ዘበኛ አቆመ፤ መብራቱ ሲያርፍበት እንደ ፍም የሚቀላ ድንጋይ ይነጠቃል። ሩቢ ይቀላል፣ እውነት ነው። ስፒኔልም ይቀላል። በመጀመሪያው ሳምንት የሴቶቹ ስፒኔል በሙሉ ተወሰደ። ይህ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ኦን ቺ ደሟ ፈልቶ ቢሮው ድረስ ሄደች። ድንጋይ የማያውቅ ሰው ድንጋይ ሊዳኝ አይችልም ብላ ጮኸችበት። ዜያ አስጨርሷት ሻይ ቀዳላት፤ ከዚያም፣

«እንግዲያው እርስዎ ይዳኙ፣ አክስቴ» አላት። «በሩ ላይ ወንበር ላስቀምጥልዎ። ሩቢ ነው ያሉትን እወስዳለሁ፣ የቀረውን እመልሳለሁ።»

እሺ አለች። እስከ ዛሬ አንጀቴን የሚያሳርረው ይህ ነው። ውሃው የማን እንደሆነ መሟገት ሲገባት ስለ መብራቱ ተሟግታ ወጣች። ሰውዬው ዓይኗን አከበረላት፣ ወንበርም ሰጣት፤ ኩራት የማይሸነግለው ማን አለ።

በሦስት ሳምንት ውስጥ ብዙ ስፒኔል ለባለቤቶቹ አስመለሰች። አራት ትንንሽ ሩቢዎችም በሷ ቃል ተወሰዱ። ሴቶቹ ምሳ ሲበሉ አልጠሯትም።

በአራተኛው ሳምንት ፕዩ መጣች። ፕዩ ባሏን ጉድጓድ የበላባት ልጅ እግር ሴት ናት፤ ሴት ልጇ ደረቷን ታማባት ማንዳላይ ሆስፒታል ውሰጃት ተብላ መሄጃ ገንዘብ አጥታለች። የበቆሎ ፍሬ የሚያህል ቀይ ድንጋይ ኦን ቺ መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ኦን ቺ አንዴ ፀሐይ ላይ አገላበጠችው። አርባ ዘጠኝ ዓመት ስትፈልገው የኖረችው ሩቢ ነው። ዜያ ከጀርባዋ ቆሟል።

«ስፒኔል ነው» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት፣ አክስቴ?»

«ዓይኔን ከተጠራጠርክ ና አንተ ተቀመጥ።»

ድንጋዩ ለፕዩ ተመለሰ። ኦን ቺ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋሸች፤ ደስም አላት። ከሥራ ስትወጣ ፕዩ ቤት ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ ብላ አሰበች።

ፕዩ ግን ምሽት አልጠበቀችም። ከበሩ በቀጥታ ወደ ቀትሩ የድንጋይ ገበያ ሮጠች። ደላላው ባ ቾ ድንጋዩን የነሐስ ሳህን ላይ አድርጎ አገላበጠው። እሱም ሩቢ መሆኑን አውቋል። ኦን ቺ ምን ብላ ነበር ሲላት ስፒኔል አለችው፤ የስፒኔል ዋጋ ሳይከራከር ከፈላት። ምስኪን፣ አለመከራከሩ ደስ አሰኛት።

ኦን ቺ ማታ ስትደርስ ፕዩ የልጇን ልብስ እየቋጠረች ነበር። ኦን ቺ ድንጋዩ ሩቢ መሆኑን ነገረቻት። ፕዩ ለባ ቾ ሸጬዋለሁ ብላ ቋጠሮው ላይ ቁጭ አለች።

«በዓይንዎ እንኳ ቢጠቅሱኝ ምን ነበር?»

«ሰውዬው ከኋላዬ ቆሞ...»

«ሌላ ሰው ላሳየው ብዬ ነበር እኮ። ከዚያ አክስቴ ኦን ቺ ካሉ አለቀ ብዬ ተውኩት።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ መጣሏን የምታውቀው ፈረስ ግን ምን እንደምትል የነገረን የለም። ኦን ቺ ባ ቾ ዘንድ ገስግሳ ድንጋዩ ሩቢ ነው፣ መልስ አለችው። ሾርባውን እየጠጣ ቀና ሳይል መለሰላት።

«ሩቢ ነው? ከተማው የሰማው ስፒኔል መሆኑን ነው። ዋሽቻለሁ የሚሉ ከሆነ ይነሡ፣ ዜያ ፊት ሄደን ይናገሩ።»

ዜያ ፊት ከተነገረ ድንጋዩን ኩባንያው ይወርሰዋል፤ ለፕዩ የሚተርፋት ነገር የለም። ኦን ቺ ሾርባውን ጭኑ ላይ ገልብጣበት ወጣች። ሌላ የምታደርገው አልነበራትም። ባ ቾ በማግስቱ ድንጋዩን ይዞ ከከተማው ጠፋ፤ ፕዩም ልጇን ይዛ ማንዳላይ ሄደች።

የባ ቾን መጥፋት ስትሰማ ኦን ቺ እንደወትሮው በሩ ላይ ባለው ወንበሯ ተቀመጠች። የመጀመሪያዋ ሴት ሕፃን እንኳ የማይስተውን ጋርኔት አመጣች።

«ሩቢ ነው» አለች ኦን ቺ።

ሁለተኛው ጋርኔት መጣ፣ ሩቢ። ሦስተኛው፣ ሩቢ። ዘበኛው መብራቱን ቢያበራበት አንዱም አልቀላም። ዜያ መጥቶ ዓይንዎን አመመዎት ወይ ብሎ ጠየቃት።

«ዓይኔ ደህና ነው። ያበላሸኸው አፌን ነው። የፕዩን ሩቢ ስፒኔል ብዬህ ሸኝቻለሁ፤ ዛሬ ደግሞ ሁሉም ሩቢ ነው፣ ዛቀው።»

ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ። ዜያ ወንበሩን አስነሥቶ አባረራት፤ መብራቱ እንደገና ስፒኔሉንም ሩቢውንም ይነጥቅ ጀመር። እሷም ሽርጧን ሰብስባ ውሃው ውስጥ ገባች።

ፕዩ የተመለሰችው በወሩ ነው፤ ገንዘቡ ስላለቀ ልጅቷን ሕክምናዋ ሳያልቅ ይዛት መጣች። አንድ ቀን ከኦን ቺ አምስት እርምጃ ርቃ ስታበጥር ቀይ ነገር አገኘች። ዞር ዞር ብላ አየች፤ ኦን ቺን አልፋ ማዶ ወዳለችው፣ ሥራ ከጀመረች ዓመት ወዳልሞላት ሴት ሄደች። ሴትዮዋ ጋርኔት ነው አለቻት።

«ስፒኔል ነው፣ ልጄ» አለች ኦን ቺ።

ፕዩ ሰምታለች። ድንጋዩን ከጋርኔቶቹ ጋር ከረጢቷ ውስጥ ጨመረችው።